የታሪክ ቦታ በዜማ ሲታሰብ

ያለፈ ሥራ እንዳይረሳ ሰው ሐውልት ያቆማል፤ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ሥዕልም ይሥላል። ዜማ ግን ከነዚህ የማያንስ የመታሰቢያ መሣሪያ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አሜሪካዊው ቻርልስ አይቭስ «በኒው ኢንግላንድ ያሉ ሦስት ቦታዎች» ብሎ የሰየመው የኦርኬስትራ ድርሰት ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ስለ ሆነ፤ ስለ እርሱ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አይቭስ በ1874 ዓ.ም. በኮኔቲከት ግዛት በዳንበሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ አይቭስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜን ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ መሪ ነበረና፤ ልጁ የዚያን ዘመን ዜማ ከነታሪኩ ከአባቱ አፍ ተማረ። ካደገ በኋላ እንጀራውን የሚያገኘው በኢንሹራንስ ሥራ ነበር፤ ድርሰቱን የሚጽፈው ከሥራው በተረፈው ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ቦታ በቦስቶን ከተማ መናፈሻ ያለው የነሐስ ሐውልት ነው። ሐውልቱን አውግስጦስ ሴንት ጎደንስ ብዙ ዓመት ደክሞበት በ1897 ዓ.ም. ተመረቀ። በላዩም ኮሎኔል ሮበርት ሾው በፈረስ ተቀምጦ፤ የማሳቹሴትስ 54ኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ጠመንጃቸውን ተሸክመው በአጠገቡ ሲጓዙ ይታያሉ። ይህ ሬጅመንት በጁላይ 18 ቀን 1863 ዓ.ም. በሳውዝ ካሮላይና የሚገኘውን የዋግነር ምሽግ ለመያዝ በመሸ ጊዜ ገሠገሠ። ከ600 ያህል ሰዎች ከ250 የሚበልጡት ሞቱ፤ ቈሰሉ፤ ወይም ተማረኩ፤ ምሽጉም አልተያዘም። ኮሎኔሉ በምሽጉ ላይ ወደቀ። ጠላት እርሱን ለማዋረድ አስቦ ከጥቁሮቹ ወታደሮች ጋራ በአንድ ጉድጓድ ቀበረው፤ አባቱ ግን ይህን እንደ ክብር ቈጥሮ አስከሬኑ ከዚያ እንዳይነሣ ለመነ።

እነዚህ ወታደሮች ሌላም ጦርነት ነበረባቸው። ለነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈል፤ ለእነርሱ 10 ዶላር ተመድቦ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቀነስ ነበር። እነርሱም «እኩል ካልሆነ አንቀበልም» ብለው ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ተዋጉ፤ በ1864 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ደመወዙ እንዲተካከል ወሰነ።

አይቭስ ስለ እነርሱ የጻፈው ዜማ መለከትና እልልታ የለበትም። ቀስ ብሎ፤ ዝግ ብሎ፤ እንደ ደከመ ሰው እግር ይራመዳል፤ የጦሩ ዘመን መዝሙሮችም ከሩቅ እንደሚሰሙ ሁሉ ተቈራርጠው ብቅ ይሉና ይጠፋሉ። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ይጮኻል፤ ወዲያውም ወደ ዝምታ ይመለሳል።

ሁለተኛው ቦታ በኮኔቲከት በሬዲንግ አጠገብ የጄኔራል ፓትናም ሠራዊት በ1778 ዓ.ም. ክረምት የሰፈረበት ነው። ደራሲው በነጻነት በዓል ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ በዚያ ያንቀላፋ ሕፃን በሕልሙ የሚያየውን ያሰማናል፤ የተራቡት ወታደሮች ሰፈሩን ጥለው ሊሄዱ ሲነሡ፤ በሴት የተመሰለችው ነጻነት ትለምናቸዋለች፤ በመጨረሻም ጄኔራሉ ሲመጣ ይመለሳሉ። በዚህ ክፍል ሁለት ማርሾች በተለያየ ፍጥነት ባንድነት ይሰማሉ፤ ኒኮላስ ስሎኒምስኪም ይህን ሲመራ በቀኝ እጁ አንዱን፤ በግራ እጁ ሌላውን ይመታ ነበር።

ሦስተኛው የሁሳቶኒክ ወንዝ ነው። አይቭስ በ1908 ዓ.ም. ካገባት ከሚስቱ ከሃርመኒ ጋራ በዳርቻው ሲመላለሱ፤ በውኃው ላይ ጉም ተኝቶ፤ ከማዶ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ድምፅ ይሰማ ነበር። ክሮቹ በቀስታ እንደ ጉም ሲንቀሳቀሱ፤ ዜማው በመካከላቸው እንደ ወንዙ ይፈሳል።

ድርሰቱ ብዙ ዓመት ሳይሰማ ቈይቶ፤ በጃንዋሪ 10 ቀን 1931 ዓ.ም. በኒውዮርክ ለሕዝብ ተሰማ። ደራሲውም በ1954 ዓ.ም. ዐረፈ።

አንባቢ ሆይ፤ አይቭስ ከታሪክ ቦታዎች መካከል ድል የተገኘበትን አልመረጠም፤ ያልተያዘ ምሽግን፤ ረኃብ የገባበትን ሰፈርና ጸጥ ያለ ወንዝን መረጠ። በቦስቶኑ ሐውልት ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው የወደቁት ነጭ መኰንኖች ስም ብቻ ነበር፤ የሞቱት ጥቁር ወታደሮች ስም የተቀረጸው በ1982 ዓ.ም. ነው። ዜማው ግን ከዚያ አስቀድሞ ስም የለሾቹን እግረኞች ይዞ ይጓዝ ነበር። እንግዲህ መታሰቢያ ለማቆም ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሁሉ፤ የማን ስም እንደ ተጻፈ ብቻ ሳይሆን የማን ስም እንደ ቀረም መመርመር ይገባዋል። ድንጋይ የዘነጋውን እስኪያስታውስ ድረስ ብዙ ዘመን ያልፋልና።