የመጀመሪያ ድሮን ልትገዙ ነው?

"ስንት ኬ ይቀርጻል?" ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ካሜራውን የያዘውን ጊምባል እዩ። ድሮኑን አብሩና በእጃችሁ ወደ ጎን አዘንብሉት፤ ካሜራው ከአድማስ ጋር ቀጥ ብሎ ከቀረ ጥሩ ነው፣ አብሮ ከተጋደመ ግን ብራችሁን ወደ ኪስ መልሱ።

ለጀማሪ እንደ ዲጄአይ ሚኒ 4 ፕሮ ያለ ከ250 ግራም በታች የሆነ ይበቃል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ለመዝናኛ ከሆነ አታስመዘግቡትም፤ ነፃውን የመዝናኛ ድሮን አብራሪዎች የደህንነት ፈተና (ትረስት) ግን መውሰድ ግድ ነው።

ሚኒ 4 ፕሮ 34 ደቂቃ ይበርራል የሚባለው ነፋስ በሌለበት ተለክቶ ነው። እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይለፋል። እኔ ባትሪው 30 ፐርሰንት ሲደርስ አወርዳለሁ (ስስታም በሉኝ)። ትርፍ ባትሪ አይቅርባችሁ።

ወደ አገር ቤት ይዛችሁ ልትመጡ ከሆነ ግን፣ ለስጦታም ቢሆን፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን (ኢንሳ) ፈቃድ ሳትይዙ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።