ከችሎት ወደ ባሉዋታር

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ብዙዎቻችን ዓይናችን ጉባ ላይ፣ በሕዳሴ ግድብ ምረቃ ላይ ነበር። በዚያው ቀን ካትማንዱ ትነድ ነበር። የኔፓል ፓርላማ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ የሚገኙበት የሲንጋ ደርባር ግቢና የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ በእሳት ተያያዙ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬ.ፒ. ሻርማ ኦሊም ሥልጣን ለቀቁ። በሦስተኛው ቀን፣ እኛ እንቁጣጣሽን በዋልን ማግሥት፣ አንዲት የ73 ዓመት ጡረተኛ ዳኛ ቃለ መሐላ ፈጽመው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

የዓለም ዜና ወይዘሮ ሱሺላ ካርኪን «ወጣቶች በዲስኮርድ የመረጧቸው መሪ» ብሎ አለፋቸው። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ወጣቶቹ ያን ሁሉ ፖለቲከኛ ዘልለው ስለ ምን እኚህን አረጋዊት ጠሩ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ፣ ከሕንድ ድንበር አጠገብ ወዳለችው ቢራትናጋር መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቢራትናጋር የፋብሪካና የፖለቲካ ከተማ ናት። በርካታ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ያፈራው የኮይራላ ቤተሰብ መናኸሪያ እርስዋ ናት። ከዚሁ ቤት የወጡት ሻይላጃ አቻርያ ገና በአፍላ ወጣትነታቸው፣ በ1961 ንጉሥ ማሄንድራን በጥቁር ባንዲራ ተቃውመው የታሰሩ፣ ኋላም የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ናቸው። ሱሺላ ካርኪ በ1952 ሲወለዱ የአካባቢው አየር ይኸው ነበር። ከሰባት ልጆች ታላቅ ናቸው። የፖለቲካ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሕንድ ባናራስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ አገራቸው ተመልሰው ሕግ አጠኑና በ1979 በቢራትናጋር ጥብቅና ጀመሩ።

ባናራስ ያኔ የንጉሡን ፓርቲ አልባ ሥርዓት ሸሽተው የወጡ ኔፓላውያን መሸሸጊያ ነበረች። የኋላ ባለቤታቸውን ዱርጋ ሱቤዲን ያገኙትም እዚያ ነው። ስለ ሱቤዲ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል፦ በሰኔ 1973 ከቢራትናጋር የተነሣውን የኔፓል ንጉሣዊ አየር መንገድ አውሮፕላን ጠልፈው ሕንድ፣ ፎርብስጋንጅ ላይ ካሳረፉት ሦስት ወጣቶች አንዱ እርሳቸው ናቸው። በአውሮፕላኑ የነበረው የመንግሥት ገንዘብ ለትጥቅ ትግሉ ተወሰደ፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ደግሞ ታዋቂዋ የሕንድ ፊልም ተዋናይት ማላ ሲንሃ ነበረች። የአንዲት ሕግ አክባሪ ዳኛ ትዳር ከአውሮፕላን ጠላፊ ጋር መሆኑ በኔፓል ብዙም አያስገርምም፤ የዚያ ዘመን ዴሞክራቶች ግማሹ እስር ቤት፣ ግማሹ ስደት ነበሩና። ወይዘሮ ሱሺላም ቢሆኑ በ1990 ሕዝባዊ አመፅ ቢራትናጋር እስር ቤት ገብተው ወጥተዋል። ያዩትን ከዓመታት በኋላ «ካራ» በሚል ልብ ወለድ ጽፈውታል።

ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጡት በ2009 ነው። ስማቸው ከችሎት ወጥቶ ገበያ የገባው በ2012፣ በሥልጣን ላይ የነበሩትን የኢንፎርሜሽን ሚኒስትር ጃያ ፕራካሽ ጉፕታን በሙስና ጥፋተኛ ብለው የአንድ ዓመት ተኩል እስራት የፈረዱበት ችሎት ዳኛ ሆነው ነው። ሚኒስትር ከወንበሩ ተነሥቶ በቀጥታ ወህኒ ሲወርድ አይታ ለማታውቅ አገር ይህ ተራ ዜና አልነበረም።

በሐምሌ 2016 ዋና ዳኛ ሲሆኑ ፕሬዚዳንቷ ቢዲያ ዴቪ ባንዳሪ፣ አፈ ጉባኤዋ ኦንሳሪ ጋርቲ ማጋር ነበሩ። ሦስቱም ትልልቅ ወንበሮች በሴቶች እጅ። ፎቶግራፉ ያምራል፤ የኔፓል ሕገ መንግሥት የፓርላማው ሲሶ ሴቶች እንዲሆኑ ያዝዛል ብሎ ማወደስም ቀላል ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን በ2022 ምርጫ በቀጥታ ተወዳድረው ካሸነፉት 165 እንደራሴዎች ሴቶቹ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሴቶች የገቡት የፓርቲ አለቆች ባዘጋጁት ዝርዝር ነው። አለቃው ስሟን ያስገባላት ሴት አለቃውን ስትቃወም ለማየት ብዙ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያው ሕገ መንግሥት መሠረት የውጭ አገር ሰው ያገባች ኔፓላዊት ልጅዋን እንደ ወንድ ወገኗ በእኩልነት ዜጋ ማድረግ አትችልም። ካርኪ ከሌሎቹ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው፤ ስማቸውን በዝርዝር ያስገባ አለቃ የላቸውም።

ይህንንም በዋና ዳኝነት ዘመናቸው አስመሰከሩ። መንግሥት በ2017 ጃያ ባሃዱር ቻንድን የፖሊስ አዛዥ አድርጎ ሲሾም በሥራ ምዘና ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ናቫራጅ ሲልዋል ከሰሱ። ነገሩ ሲታይ የአንድ መኮንን ቅሬታ ይመስላል። ነገር ግን በኔፓል የፖሊስ አዛዥ ማን እንደሚሆን ማለት የማን መዝገብ እንደሚከፈትና የማን እንደሚዘጋ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ሹመቱን ሻረው፤ ምክንያቱም አጭር ነበር፦ ራሳችሁ ያወጣችሁትን መመሪያ ተከተሉ።

ገዢዎቹ ፓርቲዎች፣ ኔፓሊ ኮንግረስና ማዎኢስት ማዕከል፣ ምላሻቸውን ሚያዝያ 30 አቀረቡ። 249 እንደራሴዎች ዋና ዳኛዋን ከሥልጣን የሚያስነሣ ክስ ፈረሙ። ተንኮሉ ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነው። ዳኛን ለማስነሣት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ክሱን ለማቅረብ ግን የአባላቱ ሩብ ይበቃል፤ ክሱ እንደቀረበም ዳኛው ወዲያው ከሥራ ይታገዳል። ካርኪ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። ስለዚህ ከሳሾቹ ማሸነፍ አያስፈልጋቸውም፤ ቀኑ እስኪያልፍ ነገሩን ማጓተት ይበቃቸዋል። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቢማሌንድራ ኒዲ ሥልጣን ለቀቁ። በስድስተኛው ቀን ፍርድ ቤቱ በዳኛ ቾሌንድራ ሹምሸር ራና ትእዛዝ ዕግዱን አነሣ። ክሱ በመጨረሻ ተሰርዞ ዋና ዳኛዋ በክብር ጡረታ ወጡ። (ራና ራሳቸው ዋና ዳኛ ሆነው በ2022 በዚያው ዓይነት ክስ ሲታገዱ ያስታወሳቸው አልጠፋም።)

ስምንት ዓመት አለፈ። መስከረም 4 ቀን 2025 የኦሊ መንግሥት አልተመዘገቡም ያላቸውን 26 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎቶች ዘጋ። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ዋትስአፕ ከነዚህ መካከል ነበሩ። የባለሥልጣናት ልጆችን የቅንጦት ኑሮ እየለጠፈ የሚያጋልጠውን ወጣት አፉን ማስያዝ ነው ተብሎ ተተረጎመ። እኔ ግን ከዚህ የሚብሰው ሌላው ይመስለኛል። ዶሃና ዱባይ ከኢትዮጵያውያን ጋር በአንድ ሥራ የሚደክሙ የኔፓል ልጆች አሉ፤ ቤተሰብ የሚኖረው እነርሱ በሚልኩት ገንዘብ፣ ናፍቆት የሚወጣውም በዋትስአፕ ነው። መስመሩን የቆረጠ መንግሥት እናትን ከልጅዋ ለየ። ወጣቶች ለተቃውሞ ሰልፍ በወጡ በመጀመሪያው ቀን ፖሊስ ተኩሶ 19 ሰዎች ሞቱ፤ ሁከቱ ሲበርድ ሟቾች ከ70 አልፈዋል።

መንግሥት ሲፈርስ ጦሩ ከተማውን ያዘ፤ የሚያነጋግረው አካል ግን አጣ። ወጣቶቹ መሪም ፓርቲም የላቸውም። ጨዋታ ተጫዋቾች በሚገናኙበት በዲስኮርድ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቦ ሲጨቃጨቅ ቆየና ከሰባት ሺህ ከሚበልጡ ድምፆች ግማሽ ያህሉ ወደ ካርኪ ሄደ። የያኔው የዋና ከተማዋ ከንቲባ ባሌን ሻህም ደገፏቸው። በ2017 ሊያስወጣቸው የነበረው ነገር፣ የየትኛውም ፓርቲ አለመሆናቸው፣ በ2025 ያስገባቸው ሆነ።

ጠቅላይ ሚኒስትርዋ ለስድስት ወር ብቻ መምጣታቸውን ተናገሩ፤ ፓርላማው ፈረሰ፤ ምርጫ ለመጋቢት 5 ቀን 2026 ተቆረጠ። ለሟቾች ቤተሰብ ካሳ ተወሰነ፤ ግድያውን የሚመረምር ኮሚሽን በቀድሞ ዳኛ በጋውሪ ባሃዱር ካርኪ መሪነት ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሚኒስትሮች ንጹሕ ስም አላቸው። ከእነርሱ መካከል ኩልማን ጊሲንግ ካትማንዱን ከመብራት ፈረቃ ያወጡ ናቸው። ኦም ፕራካሽ አርያል ደግሞ የፀረ ሙስና ኮሚሽኑን ኃያል አለቃ ሎክማን ሲንግ ካርኪን በፍርድ ቤት ተከራክረው ያስወገዱ ጠበቃ ናቸው። ሦስቱም ወንዶች መሆናቸውን ሳይታዘቡ ማለፍ አይቻልም። የአርያልን ሹመት ያልወደዱት አንዳንድ የወጣቶቹ መሪዎች ደግሞ ቃለ መሐላው በተፈጸመ በሁለት ቀን ውስጥ ባሉዋታር፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ በር ላይ ቆመው «ይውረዱ» እያሉ ጮኹ። ሱሺላ ካርኪ ሹመቱን አልሻሩም።

የሚከብደው ጥያቄ ግን በር ላይ አልጮኸም፤ በማመልከቻ መልክ ፍርድ ቤት ገባ። የኔፓል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 76 ጠቅላይ ሚኒስትር የፓርላማ አባል ይሁን ይላል። በአንቀጽ 132 ደግሞ ዋና ዳኛ የነበረ ሰው የመንግሥት ሹመት አይቀበልም ይላል። ፕሬዚዳንት ራም ቻንድራ ፓውዴል ሁለቱንም አልፈው የተጠቀሙት ፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥቱን ይጠብቅ የሚለውን አንቀጽ 61ን ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም የሚሉ የሕግ ሰዎች አሉ፤ እኔም በዚያች ሌሊት ከጦር ሠራዊቱ ውጭ ሌላ አማራጭ ነበር ብዬ መሟገት ይከብደኛል። ሆኖም ማመልከቻዎቹ የቀረቡት ካርኪ ራሳቸው ይመሩት ለነበረው፣ ሕንፃው ተቃጥሎበት በድንኳን ሥራ ለመጀመር ለተገደደው ፍርድ ቤት ነው። በ2017 የፖሊስ አዛዡን ሹመት የሻረው ችሎት መለኪያው የተጻፈው ቃል ነበር። ያ መለኪያ በአንቀጽ 132 ላይ ቢውል የሱሺላ ካርኪ ሹመት አያልፍም።