ውሃ የገባበት ቤትና የሻገተ እህል

በደባርቅና በዳባት ደጋዎች፣ እንዲሁም በጎንደር ከተማና በአካባቢዋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ጣሪያ ያፈሳል፤ ጎርፍም በግድግዳ ሥር ይገባል። እርጥበቱ ቀድሞ የሚያገኘው ግድግዳ ተጠግቶ መሬት ላይ የተቀመጠውን ጎታና ጆንያ ነው። ወቅቱ እህል የሚመናመንበት በመሆኑ ገበሬው የሻገተውን ገብስ ወይም ስንዴ መጣል ይከብደዋል። አጥቦና ቆልቶ ይበላዋል፤ የባሰውንም ለጠላ ያውለዋል፣ ወይም ለላምና ለዶሮ ይሰጠዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች መርዝ ያመነጫሉ። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን፣ ኦክራቶክሲን የተባለው ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ኦክራቶክሲንን ከሚያመነጩት ሻጋታዎች መካከል በቀዝቃዛ አየር የሚያድጉ ስላሉ የደጋ እህል ከአደጋው ነፃ አይደለም። መርዙ በዓይን አይታይም፤ በማጠብ፣ በመቀቀል፣ በመቁላትም ሆነ በመጥመቅ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተ መኖ ከበላች ላም አፍላቶክሲኑ ወደ ወተቷ ያልፋል።

የጉዳቱን ክብደት ከጎረቤታችን ከኬንያ እንማራለን። በ1996 ዓ.ም. በምሥራቅ ኬንያ፣ በተለይም በማኩዌኒና በኪቱይ፣ ሳይደርቅ በየቤቱ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

ስለሆነም የልማት ሠራተኞች የሚከተሉትን ለገበሬዎች ያስረዱ።

1. በቅድሚያ የውሃው መግቢያ ይደፈን፤ የቤቱ ዙሪያ ቦይ ይጠረግ። ውሃው ሳይቆም ግድግዳውን መለሰን ሻጋታውን መሸፈን ብቻ ነው።

2. እህሉ ከጎታው ወጥቶ ይለይ። ርሶ ገና ያልሻገተው በዚያው ቀን ስስ ተደርጎ ይሰጣ። ፀሐይ ከጠፋ ነፋስ በሚገባበት ደረቅ ቤት ተሰጥቶ ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ።

3. የተጓጎለው፣ የሻጋታ ሽታ ያለው፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ሻጋታ የታየበት እህል ከነአካባቢው ተነሥቶ፣ ከብትና ዶሮ በማይደርስበት ቦታ ይቀበር።

4. የተሰጣው እህል ወደ ጎታ ከመመለሱ በፊት በጨው ይፈተን። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ፣ በደንብ ወዝውዞ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከመቶ 15 ያህል ይበልጣልና እንደገና ይሰጣ።

5. ጎታው ተጠርጎ በሚገባ ሳይደርቅ እህል አይግባበት። በድንጋይ ወይም በእንጨት መደብ ላይ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጥ።

6. የሻገተው ምርጊት ተፍቆ፣ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ እንደገና ይመረግ። የሚጠርገው ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች ከቤት ይውጡ።

ከቤተሰቡ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ያበጠ ወይም ተደጋጋሚ ትውከት የያዘው ሰው ካለ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ምክር ብቻውን ግን አይበቃም። የሚጥለውን እህል የሚተካበት የሌለው ቤተሰብ እያወቀም ቢሆን ይበላዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ክረምት ሳይገባ የአባላትን ጣሪያና ጎታ ቢያስጎበኙ፣ እህሉ ለተበላሸበትም አባል እስከ አዲሱ ምርት የሚከፈል የእህል ብድር ቢያዘጋጁ፣ የሻገተው እህል ከማዕድ ሊርቅ ይችላል።