ደብተሩ፣ ገንዘቡና ቁልፉ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲሞት ከቅርብ ዘመድ ቀጥሎ የሚነገረው ለእድሩ ሰብሳቢ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን በሩ ይንኳኳል። ሰብሳቢው ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቆ ጸሐፊውን ይቀሰቅሳል፤ ጸሐፊው ደብተሩን ይገልጣል፤ የንብረት ክፍሉ ቁልፉን ይዞ ወደ ዕቃ ቤት ይሄዳል። ከዚያ እስከ ሰልስት ያለው ሥራ የአምስት ስድስት የኮሚቴ ሰዎች ዕዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የላቸውም። ከፊሎቹ እንዲያውም በጉባኤው ቀን “እባካችሁ እኔን ተዉኝ” እያሉ የተመረጡ ናቸው።

እድር በከተሞች የተስፋፋው በተለይ ካለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ነው። ከየአገሩ ተነሥቶ ከተማ የገባ ሰው ሬሳ የሚያነሣለት፣ ንፍሮ የሚቀቅልለት ዘመድ አጠገቡ አልነበረምና ጎረቤቱን በመዋጮ ዘመድ አደረገው። ዘመድ ደንብ አያስፈልገውም፤ መዋጮ ግን ያስፈልገዋል። ኮሚቴው የመጣው በዚህ በኩል ነው። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ እድርንና እቁብን ከሚመለከታቸው ተቋማት ውጭ ስላደረጋቸው፣ ኮሚቴውን በየዕለቱ የሚገዛው አባላቱ ራሳቸው ያጸደቁት መተዳደሪያ ደንብ ነው። ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚታወቀው ከዚያ ጥራዝ ነው።

ሰብሳቢውን በድሮዎቹ እድሮች “ዳኛ” ይሉታል፤ ስሙም ሥራውን ይናገራል። ስብሰባ ይመራል፣ ተራ ይሰጣል፣ የተጣሉ አባላትን ያስታርቃል፣ በደንቡ መሠረት ይቀጣል። ሰው የሚመርጠው ሽበቱንና ግርማውን አይቶ ነው። በእኔ ግምት ግን ሰብሳቢነት ከሚገባው በላይ የተከበረ ወንበር ነው። ሰብሳቢው ለአንድ ወር ቢታመም ምክትሉ ይተካዋል፣ እድሩም ይሄዳል። ደብተሩ ለአንድ ወር ሳይጻፍ ቢቀር ግን እድሩ ጭቅጭቅ ውስጥ ይገባል።

ምክንያቱም በሐዘን ሰዓት የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ “ውዝፍ አለበት ወይ?” የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ “ሟቹ ተመዝግቧል ወይ?” የሚል። አባሉ ሲገባ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ እናትና አባት፣ የባለቤቱን ወላጆች፣ እንደ ደንቡም እህትና ወንድም ያስመዘግባል። ክፍያው እንደ ዝምድናው ቅርበት ይለያያል። ለአባሉ ለራሱ ከፍ ያለው፣ ለወንድሙ ዝቅ ያለው ይከፈላል። እንግዲህ ከምዝገባው በኋላ የተወለደ ልጅ፣ እንደ እናት ያሳደገች አክስት፣ አገር ቤት የሚኖሩ አማት ሲሞቱ መልሱ ያለው ጸሐፊው ከዓመታት በፊት በጻፈው መስመር ላይ ነው። ጎበዝ ጸሐፊ በየዓመቱ “ቤተሰብ የጨመረ ያሳውቅ” ብሎ ያስታውሳል። ሰነፉ ዝም ይላል፤ የዝምታውንም ዋጋ የሚከፍለው ሐዘንተኛው ነው። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ በቀብር ላይ ስም ጠርቶ የቀረውን ለመቀጫ መመዝገብም የእሱ ሥራ ነው። መቀጫው ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ቅሬታው ግን ትንሽ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ሥራው ሆን ተብሎ ተከፋፍሏል። ገንዘብ ያዡ በደረሰኝ ይቀበላል እንጂ ወጪ አይወስንም። ሒሳብ ሹሙ ይመዘግባል እንጂ ብር አይነካም። ሰብሳቢው ወጪ ያዛል እንጂ ካዝና አይከፍትም። የባንኩ ሒሳብ የሚንቀሳቀሰው በጣምራ ፊርማ ነው፤ በገንዘብ ያዡ እጅ የሚያድረው ሌሊት ለሚመጣ ሐዘን የሚበቃ ብቻ ነው፤ ልኩንም ደንቡ ይወስነዋል። ይህን ሁሉ “እሳቸው እኮ የታመኑ ሰው ናቸው” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያፈርሱት አይቻለሁ። የታመነ ሰው ላይ ሁሉን መጫን እሱንም መበደል ነው። ሒሳብ ሲጎድል ንጽሕናውን የሚያሳይበት ሁለተኛ ደብተር የለውምና።

የንብረት ክፍሉ ብዙ ጊዜ ምስጋና የማያገኘው ሰው ነው። ድንኳኑ፣ ቋሚው፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው በስሙ ተቆጥሮ ተረክቧል። ሲያወጣ ያስፈርማል፤ ከሰልስት በኋላ ሲመልስ ይቆጥራል። ለሐዘንተኛ “አራት ብርጭቆ ጎድሏል” ማለት ፊት ይጠይቃል፤ እሱ ግን ካላለ በዓመቱ መጨረሻ ጉድለቱ የእሱ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ድንኳኑን ሳያደርቅ አጥፎ ካስቀመጠ ሻግቶ ይጠብቀዋል። ድንኳንና ወንበር ለሠርግ የሚያከራዩ እድሮችም አሉ። ገቢው ጥሩ ነው፤ ዕቃው ሠርግ ላይ ባለበት ቀን አባል ቢሞት ምን እንደሚደረግ ግን አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ቁጥጥሩ ወይም ኦዲቱ ከኮሚቴው ለብቻው ይመረጣል፤ ሪፖርቱንም የሚያቀርበው ለጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሞቱን ለሰፈሩ የሚለፍፈው ጡሩምባ ነፊ ግን የኮሚቴ አባል አይደለም፤ ብዙ ቦታ ተከፋይ ሠራተኛ ነው። ዛሬ በስልክ መልእክትና በቴሌግራም የሚለፍፉ እድሮች በዝተዋል። መልእክቱ ፈጥኗል፤ ግን “አላየሁትም” የሚል ምክንያት አብሮት መጥቷልና መቀጫ የሚመዘግበው ጸሐፊ ተጨማሪ ራስ ምታት አግኝቷል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሴቶች እድር የራሱ ኮሚቴ አለው፤ ሥራውንም አሳምሮ ይሠራል። ወንድና ሴት በሚገኙበት እድር ግን እንጀራው፣ ወጡ፣ ቡናው የሴቶቹ ሆኖ ሳለ የኮሚቴው ወንበር በአብዛኛው የወንዶች ነው። ለሐዘን ቤት ምን ያህል ጤፍና በርበሬ እንደሚበቃ የሚያውቀው ሰው ወጪ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ አለመኖሩ ከፍትሕም አልፎ የሒሳብ ስሕተት ነው።

የኮሚቴው ሥራ ከቀብር አልፎ የሰፋበት ጊዜም ነበር። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ የቀብሩን ብዛት ሲያንረው፣ ካዝናቸው የተራቆተ እድሮች ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መድረስ እንደማያዋጣ አዩ። ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያለ ሕመምተኛን ወደ መርዳት፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን ወደ መደገፍ የገቡ ብዙ ናቸው። ያኔ ለጸሐፊው ሌላ መዝገብ፣ ለገንዘብ ያዡም ሌላ ሒሳብ ተከፈተለት።

አሁን ያለው ፈተና ሌላ ነው፤ የሰፈር መበተን። ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ አባላት ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ከተማው ዳርቻ ይሄዳሉ፤ እድራቸውን ግን መተው አይፈልጉም፤ ለዓመታት ያዋጡበት ነውና። ኮሚቴው ድንኳኑን የት ያኑር? ሁለት ታክሲ አልፎ ለሚገኝ ለቅሶ ዕቃውን በማን መኪና ያጓጉዝ? ርቆ የሄደ አባል በቀብር ቢቀር ይቀጣል? አንዳንዶቹ ለራቀው አባል በዕቃና በጉልበት ፈንታ ገንዘቡን ከፍ አድርገው ይከፍላሉ። ሌሎቹ አባሉ በሄደበት ሰፈር አዲስ እድር እንዲገባ መክረው መዋጮውን በመተሳሰብ ይሸኙታል። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ውሳኔው የኮሚቴው ብቻ ሊሆን አይገባም። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ርቀው የሄዱትም እንዲመጡ ቀኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተደርጎ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማ ሊያርፍበት ይገባል። አለበለዚያ የሚቀጥለው ሟች ከተማው ዳር ያረፈ እንደሆነ ክርክሩ ለቅሶ ቤት ውስጥ ይጀመራል።