ደሴቲቱ ያጣችው ምግብ

ማያሚ ውስጥ ካዬ ኦቾ በሚባለው ጎዳና ላይ የኩባውያን ምግብ ቤት ደንበኛ ለመሆን ወደ ውስጥ መግባት ግድ አይደለም። ወደ እግረኛው መንገድ የተከፈተ መስኮት አለ፤ ቬንታኒታ ይሉታል። ሰው እዚያው ቆሞ ቡና ያዝዛል፣ በዘይቱን ማርማላታ የተሞላ ኬክ ይገምጣል፣ ፖለቲካ ያወራል። ከማሽኑ መጀመሪያ ጠብ የሚለው ወፍራም ቡና ከስኳር ጋር ይመታና አረፋ ሲሆን ቀሪው ይገለበጥበታል። ኮላዳ ላዘዘ ሰው አንድ ኩባያ ሙሉ ቡና ከብዙ ትንንሽ የፕላስቲክ ሲኒዎች ጋር ይሰጠዋል፤ ለባልደረቦቹ ሊያዳርስ ነው እንጂ ብቻውን ሊጠጣው አይደለም። ቡናን ብቻውን መጠጣት ለማይወደው አበሻ ይህ ልማድ ማብራሪያ አያሻውም።

ማያሚ ላይ እነዚህ ቤቶች የበዙት እ.ኤ.አ. ከ1959ኙ የኩባ አብዮት በኋላ ነው። አገር ለቆ የወጣው ሰው ከዓመት ዓመት ጨመረ፤ በ1980 ብቻ 125 ሺህ ያህል ኩባውያን ከማሪየል ወደብ በጀልባ ተሻግረዋል። ፌሊፔ ቫልስ በ1971 የከፈተው ቬርሳይ የተባለ ምግብ ቤት ዛሬ የስደተኛው አደባባይ ሆኗል፤ የአብዮቱ መሪ ፊደል ካስትሮ በ2016 ሲሞት ሕዝቡ ወጥቶ የጨፈረው እዚያ ደጃፍ ላይ ነበር። ሌላዋ የፍሎሪዳ ከተማ ታምፓ ግን ከማያሚ ትቀድማለች። በይቦር ሲቲ የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል የተከፈተው ኮሎምቢያ የተባለ ምግብ ቤት ከ1905 ጀምሮ አለ። ታምፓዎች የኩባ ሳንዱች ውስጥ ሳላሚ ይጨምራሉ፤ ጣሊያኖች ጎረቤቶቻቸው ነበሩና። ማያሚዎች ይህን እንደ ድፍረት ያዩታል። ክርክሩ አያልቅም።

ወጥ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከሶፍሪቶ ነው፦ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ በዘይት ቀስ ብለው ይቁላላሉ፤ ከሙንና ኦሬጋኖ ይከተላሉ። የነሱ ቁሌት ማለት ነው፤ በርበሬ ግን የለበትም፤ የኩባ ምግብ አያቃጥልም። ሮፓ ቪዬሃ የሚባለው ሥጋ መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ጭረቱን ተከትሎ በጣት ይተለተላል፣ ከዚያ በቁሌቱና በቲማቲሙ ውስጥ ይንተከተካል። አጠገቡ ነጭ ሩዝ፣ ጥቁር ቦሎቄና የተጠበሰ የበሰለ ሙዝ ይቀርባል። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ኩባ የተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሩዝና ቦሎቄውን በደንብ ያውቁታል።

ሥጋው ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ኩባ ውስጥ የቀንድ ከብት እርድ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ያለፈቃድ ላም ያረደ ይታሰራል። ከ1993 በኋላ የተፈቀዱት በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ፓላዳሮች መጀመሪያ ከ12 ወንበር በላይ እንዳይኖራቸው፣ የበሬ ሥጋም እንዳያቀርቡ ተከልክለው ነበር። ስለዚህ ሐቫና ውስጥ ሮፓ ቪዬሃን በበግ የሚሠሩ አሉ። በእኔ አመለካከት የማያሚው ተራ ምግብ ቤት ዋጋው እዚህ ላይ ነው፦ ደሴቲቱ ራሷ ያጣችውን ምግብ በየቀኑ ያበስላል።

ከጎረቤት ደሴት የተሰደዱት የጃማይካውያን ምግብ ቤቶች ግን በለንደን ብሪክስተንና በኒው ዮርክ ፍላትቡሽ ሌላ ዓለም ናቸው። እዚያ ቃሪያው ያቃጥላል፤ ጀርክ ዶሮ በጭስ ይጠበሳል፣ ሩዝና ቦሎቄው በኮኮናት ወተት ይበስላል። ድሮ የድሃ ምግብ የነበረው የበሬ ጭራ ወጥ ዛሬ ከዝርዝሩ ውድ ምግቦች አንዱ ሆኗል። ራስ ተፈሪያውያን አይታል የሚሉት ከሥጋ የጸዳና ብዙዎቹ ጨው የማይጨምሩበት ምግብ ደግሞ ከሰፋሪዎቹ ጋር ሻሸመኔ ድረስ መጥቷል።

አበሻ የኩባ ቤት ሲገባ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ አሳማ። ሳንዱቹ ውስጥ በግልጽ አለ፤ ጥቁር ቦሎቄውም ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ይበስላል፣ ዳቦውም በስቡ ይቦካል። በጾም ቀን በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ የሚቀርበው ቅቅል ካሳቫ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በዘይት መሠራቱን ማረጋገጥ ነው።