የኮምፒውተር አቅራቢን መቀየር የሚያዋጣው መቼ ነው?

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ብሂል በነጋዴው ዘንድ ሰፊ ቦታ አለው። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና መለዋወጫ ለዓመታት ከአንድ ሱቅ የገዛ ድርጅት አቅራቢውን ቢያማርርም በቀላሉ አይለየውም። ባለሱቁ ያውቀዋል፤ ዱቤ ይሰጠዋል፤ ሲደወልለትም ስልክ ያነሳል። ጥያቄው የዚህ ደንበኝነት ጉዳት ከጥቅሙ የሚበልጠው መቼ ነው የሚለው ነው።

ብዙውን ጊዜ የቅሬታው መነሻ ዋጋ ነው። ዋጋ ብቻውን ግን አያፋታም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በ58 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒውተር ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ዋጋው የናረው በሁሉም አስመጪ ዘንድ ነው። የአንዱ ጭማሪ ከገበያው መብለጥ አለመብለጡን ለማወቅ፣ ለአንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ቀን ከሦስት ሱቆች ፕሮፎርማ መሰብሰብ ይበቃል።

ይበልጥ የሚጎዳው ሥራ የሚቆምበት ጊዜ ነው። አንድ ድርጅት 10 ኮምፒውተሮች ሊገዛ አስቧል እንበል። አዲሱ አቅራቢ በእያንዳንዱ ላይ 4,000 ብር፣ በድምሩ 40,000 ብር ይቀንስለታል። ነባሩ ግን የተበላሸውን በ2 ቀን ሲጠግን አዲሱ 5 ቀን ይፈጅበታል። ሽያጭ የሚመዘገብበት ዋናው ኮምፒውተር ተበላሽቶ በቀን 15,000 ብር የሚያተርፍ ሥራ ቢቆም፣ የ3 ቀኑ ልዩነት 45,000 ብር ያሳጣል። አንድ ብልሽት ቅናሹን በልቶ የ5,000 ብር ኪሣራ ያስከትላል ማለት ነው። ሒሳቡ በተቃራኒውም ይሠራል። በ2 ቀን ይጠግን የነበረው ነባር አቅራቢ 5 ቀን መውሰድ ከጀመረ፣ ዋጋ ባይጨምርም ተወዷል።

ሌላው ምልክት የሚሸጠው ዕቃ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው አይቀበልም። ይህን ሳይነግር አሮጌውን በአዲስ ስም የሚሸጥ፣ በዋስትና ወረቀቱም ላይ የዕቃውን መለያ ቁጥር የማይጽፍ አቅራቢ የሚሮጠው መደርደሪያውን ባዶ ለማድረግ ነው።

መለያየት ከተወሰነም በአንድ ጀምበር መሆን የለበትም። አፕል ኩባንያ ከኢንቴል ወደ ራሱ ወደነደፈው ፕሮሰሰር እንደሚሸጋገር ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ሲሆን፣ ሽግግሩን የጨረሰው በጁን 2023 ነው። በመካከሉ ሁለቱንም ዓይነት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ሸጧል። አነስተኛው ነጋዴም ለአዲሱ አቅራቢ በመጀመሪያ ሁለት ኮምፒውተሮች ብቻ አዝዞ አንድ የጥገና ጥሪ ድረስ ሊፈትነው ይችላል። የነባሩ ዱቤም እስከዚያው ተከፍሎ ያልቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ያለፈው ዓመት ብልሽት ከነቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር። ሥራ በመቆሙ የታጣው ገንዘብ ዱቤው ካስገኘው ጥቅም ከበለጠ፣ ከሚያውቁት ጋር መሰንበት አያዋጣም።