ኮከብ የሌለበት ኮከብ ቆጠራ

ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ካፌ ውስጥ የጋብቻ ወሬ ሲነሣ «ኮከባቸው ገጥሟል ወይ?» የሚል አይጠፋም። አንዱ ስልኩ ላይ የፈረንጁን ሆሮስኮፕ ይከፍታል፤ ሌላው ዐውደ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍ ለሚገልጥ አዋቂ የሙሽሮቹን ስም ይልካል። ሁለቱም ሰማይን የጠየቁ ይመስላቸዋል።

በዐውደ ነገሥት ኮከብ ለማወቅ ግን ማንም ቀና ብሎ ሰማይ አያይም። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በተሰጣቸው ቁጥር ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የቀረው ቁጥር ኮከቡ ነው። 1 ሐመል፣ 2 ሠውር፣ 3 ጀውዛ እያለ እስከ 12ኛው ሑት ይዘልቃል። ድምሩ 40 ቢሆን 4 ይቀራል፤ ሰውየው ሸርጣን፣ ባሕርዩም ውሃ ይባላል። በስሙ አጻጻፍ አንድ ቁጥር የምትጨምር ፊደል ብትገባ ድምሩ 41 ይሆንና 5 ይቀራል፤ ያው ሰው አሰድ፣ እሳት ሆኖ ያርፈዋል። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ያለው ሰውማ በየትኛው ይቆጠር?

የፈረንጁስ? እሱ ቢያንስ ከፀሐይ ይነሣል። ሚያዝያ 1 ቀን የተወለደውን ሐመል ይለዋል፤ በዚያ ቀን ግን ፀሐይ የምትታየው በሑት ከዋክብት መካከል ነው። የምድር ዛቢያ በ26 ሺህ ዓመት ገደማ አንድ ዙር ስለሚዋልል፣ ከ2 ሺህ ዓመት በፊት የተሰየሙት ክፍሎችና ከዋክብቱ ተላልፈዋል።

«መጽሐፈ ሄኖክም ይመሰክራል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መጽሐፉ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ በዝርዝር ያስረዳል፤ የሰው ጠባይና ዕጣ ግን አይቆጥርበትም። እንዲያውም ምዕራፍ 8 የኮከብ ንባብን የወደቁት መላእክት ካስተማሯቸው ነገሮች ጋር ይደምረዋል። ባሕረ ሐሳብም ቢሆን ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይነግራል እንጂ ማን ማንን ያግባ አይልም።

«እኔን ግን ልክ እንደማውቀው ገልጾኛል» የሚለው ከሁሉ ይከብዳል፤ ሰው የሚናገረው የራሱን ስሜት ነውና። በፈረንጆች 1948 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር በርትራም ፎረር ለ39 ተማሪዎቹ «የየግል ባሕርያችሁ ትንተና ነው» ብሎ ወረቀት አደለ። ከ5 ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር፤ አብዛኛው ቃልም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተቀዳ። አእምሯችን ከተነገረው ውስጥ የሚመስለውን መርጦ የራሱ ያደርገዋል። በፈረንጆች 1985 ተመራማሪው ሾን ካርልሰን ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጣው ፈተና ደግሞ ኮከብ ቆጣሪዎቹን ራሳቸውን ፈተነ፦ ከ3 የባሕርይ መግለጫዎች የባለ ኮከቡን እንዲለዩ ተጠይቀው፣ በዘፈቀደ ከሚገኘው አንድ ሦስተኛ አላለፉም።

ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። የሚያሳዝነው ከሥነ ምግባር ጋር ሲነካካ ነው። «እሳት ስለሆነ ነው» የተባለለት ባል ለዱላው አይጠየቅም፤ ጥፋቱ ወደ ኮከቡ ይዞራል። ሰው በነጻ ፈቃዱ ይጠየቃል የሚለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከዚህ ጋር አይታረቅም። አውግስጢኖስም ከ1600 ዓመት በፊት በሰሜን አፍሪካ ሆኖ፣ በአንድ ሰዓት የተፀነሱት ዔሳውና ያዕቆብ ለምን ሕይወታቸው ተለያየ ብሎ ኮከብ ቆጣሪዎችን ሞግቷል።

እጮኛዋ «አልገጠመም» ብሎ የተዋት ልጅ ራሷ ባልመረጠችው ስምና በእናቷ ስም ተፈርዶባታል። ሁለቱ ስለ ዕዳ፣ ስለ ጤና ምርመራ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቤተሰብ ጣልቃ ገብነት ሊነጋገሩ ይችሉ ነበር። «ገጠመ» የተባሉትም ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ ሳይጠያየቁ ይጋባሉ።